ጋሽ ከበበ ደሴት ሊጎበኙ ሄዱ

ያላዩት ነገር የሌለ፣ ያዩትም የማይደንቃቸው ሰው ለየሰፈሩ አንድ አንድ ይታደላል። ለሾላ ገበያ የደረሱት ክቡር ጋሽ ከበበ ናቸው። እታገኝ ጤፍ የምትሸጠው ከእሳቸው በርበሬ ቤት አጠገብ ነውና አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷን ሲያማት ኖረ፤ ግማሹ ከበርበሬው፣ ግማሹ ከትምህርታቸው።

በ1999 ጥቅምት ላይ የነጋዴዎቹ ማኅበር አባላቱን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ወዳለች አንዲት ደሴት ይዞ ሄደ። ዛፍ የማይቆረጥባት፣ ወፍ የማይነካባት ፓርክ ናት ተብሏል። ጋሽ ከበበ የፊት ወንበር ያዙ።

ሐይቁ ገና ብቅ ሲል፣ «ይሄ ነው ሐይቅ?» አሉ። «ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደውን ጎርፍ አላያችሁማ!» ጀልባው ላይ ግን መሀል ቁጭ ብለው የእታገኝን ነጠላ ጨምድደው ያዙ። «እንዳትፈሪ ብዬ ነው» አሏት።

አስጎብኚዋ ኢፍቱ የምትባል ልጅ ነበረች። አንድ ስትናገር ሁለት ያርሟታል። አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ብታሳያቸው፣ «ይሄማ ጥንብ አንሳ ነው፤ ቄራ ሞልቷል» አሏት።

በመጨረሻ አንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር ደረሱ። ግንዱን አምስት ሰው አቅፎ አይጨርሰውም፤ ፍሬው ግንዱ ላይ ተንዠርጓል፤ አናቱ በወፍ ይንጫጫል። ጋሽ ከበበ አንጋጠው ቀሩ። ከዚያም እታገኝ ሰምታባቸው የማታውቀውን ነገር አደረጉ፤ ጠየቁ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዛፍ ነው?»

«ሾላ ነው፣ አባቴ።»

ማኅበሩ በሳቅ ፈረሰ። ሠላሳ ዓመት ሾላ ገበያ የነገደ ሰው ሾላን አያውቅም! እታገኝ ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ሲመለሱ ጋሽ ከበበ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አዲስ አበባ እስኪገቡ ትንፍሽ አላሉም። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ቢጠይቃቸው እንኳ «እኔ ምን አውቄ» አሉት።

እታገኝ ይህን ስትሰማ ገበያው ግጥም ብሎ ሞልቶ ሳለ ጭር አለባት። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ኢፍቱ ስሙን እስክትጠራው ድረስ እሷም ዛፉን አላወቀችውም ነበር።

ጤፏን ትታ ጠጋ አለቻቸው። «ጋሽ ከበበ፣ እኔም እኮ ሾላን አይቼው አላውቅም ነበር።»

ቀና ብለው አዩዋት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔስ አውቀዋለሁ። ልጅቷን ልፈትናት ብዬ ነው።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለች እታገኝ፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዱካዋን ወደ እሳቸው አስጠጋች።