አባባሉን ከነምንጩ

የእንግሊዞችን አባባል ከነምንጩ ካልተነተነ እህል የማይወርድለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ነበር። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ያውቁታል።

ባሌን ከሲሬ በቃሬዛ አምጥተን አስተኛነው። ፈረንጁ ሐኪም ከክፍሉ ወጥቶ አንድ ነገር ተናግሮ ሄደ።

«ምን አለ?» አልኩት አስተርጓሚውን።

«ነፍሱ በክር ተንጠልጥላለች ነው የሚሉት። ውብ አባባል ናት! ጥንት አንድ ንጉሥ ነበር...»

«ልግባ ወይስ ልጠብቅ?»

«ቆይ እንጂ አዴ! ምንጩን ያላወቀ ትርጉሙ አይገባውም።»

ንጉሡ ግብር አበላ፤ ከእንግዳው ራስ በላይ ሰይፍ በአንዲት የፈረስ ጭራ ፀጉር አንጠለጠለ። ጠጁ ተቀዳ፣ ብርንዶው ተቆረጠ። ፈረንጅ ብርንዶ መብላቱን ያን ቀን ሰማሁ! የተማረ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እንደ ደጅ ጠኚ አዳመጥኩ። ባሌ ሰይፉ እስኪወርድ ይጠብቀኛል ብዬ ይሆን?

የፈረሱን መልክ ሲያብራራልኝ የሐኪም ቤቱ አስታማሚ ከክፍሉ ወጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሁለት ጊዜ ስምሽን ጠርቶ አረፈ። የት ነበርሽ አዴ?» አለችኝ።

በሩ ላይ ነበርኩ።