የተነጠቅኩት የረቡዕ ተራ

ዛሬ በሥራ ቦታዬ ተራዬን ተነጠቅኩ። ይመዝገብልኝ!

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ተራ መቁጠር አያቅተኝም።

ነገሩን ስሙኝማ።

እዚህ ጅጅጋ አንድ ሆቴል ውስጥ የላውንደሪ ኃላፊ ነኝ። አዲስ የተሾምን ኃላፊዎች አምስት ነን፤ እኔን ሁሉም አዬዮ ይሉኛል፣ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። በየረቡዑ ከምሳ በኋላ ተሰብስበን አመራር እንማማራለን። አሰልጣኝ የሚባል የለም! ባለተራው ሥራ ላይ የቸገረውን ያቀርባል፣ ውይይቱንም ይመራል። ሌሎቻችን እየጠየቅን መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኘው እናግዘዋለን።

አራት ረቡዕ ታግሼ ጠበቅኩ። ዛሬ አምስተኛው፣ የእኔ! ሻሼን ሳይቀር ተኩሼ ገባሁ።

የጥበቃው ኃላፊ ፋራህ ቃለ ጉባኤ የሚይዝበትን ወረቀት አየና፣ ዛሬ ከሆዳን እንደገና እንጀምራለን አለ። ሆዳን የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ናት፤ በዕድሜ የልጅ ልጄ።

ክው አልኩ። እኔ ጋ ሲደርስ ነው ተራው ወደ ኋላ የሚዞረው?

ተነሳሁ። ስላረጀሁ ነው፣ ስላልተማርኩ ነው፣ ብዬ አወረድኩት። ማንም አላቋረጠኝም። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲናገር ማን ያቋርጣል?

በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ይነበብልኝ አልኩ። በገዛ አፌ!

ፋራህ አንገቱን ደፍቶ አነበበ። በመጀመሪያው ረቡዕ ሆዳን ችግሯን ጀመረች፤ አዬዮ መለሱ። በሁለተኛው የወጥ ቤቱ ኃላፊ ጀመረ፤ አዬዮ ጨረሱ። በሦስተኛው ፋራህ ሊጀምር ሲል አዬዮ ቀጠሉ።

አራተኛውን ተዉት ወገኖቼ።

ለካ የሁሉንም ተራ የበላሁት እኔው ነኝ። ግትርነቴ ግን መች ይለቀኛል? ቢያንስ ምክሬ ጠቅሟል ብዬ ወደ ሆዳን ዞርኩ። በመጀመሪያው ረቡዕ ያነሳችው ጉዳይ ሥራ ልልቀቅ ስላለቻት አንዲት ሠራተኛዋ ነበር። እኔም፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዣት፣ ብያት ነበር።

"ምነው፣ አልሠራልሽም?" አልኳት።

ሆዳን ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

"አዬዮ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ልጅቷ ሰኞ ለቃ አገሯ ቱሊ ጉሌድ ገባች። እኔ ያን ቀን ልነግራችሁ የነበረው ለምን መልቀቅ እንደፈለገች ነበር። እዚያ ሳልደርስ መለሱልኝ።"