የፎቶ ቤቱ ኮት

ዘመኑ ሁለት ሺህ አስራ አምስት ነው፤ እኔ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። የድሮ ፎቶውን እያደሰ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ጎረቤት አለዎት? ከሌለዎት ተመስገን ይበሉ። እኔ አለኝ። ታደሰ ይባላል፤ እዚሁ ጌጃ ሰፈር አጥር ለአጥር ነን። ያ የደበዘዘ፣ አይጥ የቀመሰው የጎረምሳነት ፎቶው በስልኩ ታድሶ ቀለም ሲገባበት ጉንጩ ቲማቲም መሰለ። ሰፈሩ ሁሉ «ወይ ቁንጅና!» እያለ ይጽፍለታል። ይሄስ ይሁን። የገዛ ባለቤቴ ብርቄ የልጃችንን ስልክ ይዛ አልለቅም አለች።

«ለካስ ታደሰ እንዲህ መልከ መልካም ኖሯል! ኮቱማ ልዩ ነው!»

እንዴት ልቻል? «ኮቱ የሱ አይደለም» አልኳት። «ድሮ አብነት ሰፈር የነበረው ፎቶ ቤት ሚስማር ላይ ይሰቅለው የነበረ ኮት ነው። ድፍን ልደታ ተራ በተራ እየለበሰ ተነስቶበታል፣ እኔም ጭምር። ጀርባው ተተርትሯል፤ ከፊት ስለሚያነሱን አይታይም።»

ብርቄ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል «ኮቱስ እሺ፤ ፊቱም የፎቶ ቤቱ ነው?» አለችኝ።

 በማግስቱ ማለዳ፣ በዚያው ኮት የተነሳሁትን ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልዬ የታደሰን በር አንኳኳሁና «ኮቱን ተወው፣ ፊቱን ብቻ አድስልኝ» አልኩት።