ራሱ የሚያነሳው ቴፕ

መኪናው ያረጀበት ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው ፍሬኑን አይደለም፤ ቴፑን ነው። ይህን የምለው ጥናት አጥንቼ ሳይሆን በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ፍሬን ሲያረጅ ሰው ቀስ ብሎ መንዳት ይለምዳል። ጎማው ሲላጭ መንገድ እየመረጠ ይሄዳል፣ መስኮቱ አልወርድ ሲለው በሩን ከፍቶ ያወራል። ቴፑ የተንኮሻኮሸ ዕለት ግን ክብሩ የተነካ ይመስለዋል። ሞተሩ ጭስ እየተፋ፣ ዘይቱ በየደረሰበት እየተንጠባጠበ፣ እሱ "ድምፁ እኮ ጥራት የለውም" እያለ ሲጨነቅ ይውላል። ሴቶች አንባቢዎቼ ይቅር በሉኝ፣ በዚህ ነገር እናንተ የላችሁበትም።

የእኔዋ ቀይ ናት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ ከመሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማታንስ የስፖርት መኪና። በደሴ ዳገትና ኮብልስቶን ላይ የስፖርት መኪና መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም፤ አንድ ቀን መጥታችሁ ብትሳፈሩ ወገባችሁ ይነግራችኋል። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ አርባን ተሻግሬያለሁ፣ ሚስት የለኝም፤ ሰፈርተኛው ሦስቱንም ነገር የሚያስረዳው በመኪናዬ ነው። ሰርግ ሲመጣ ግን ይህችው ሲስቁባት የከረሙት መኪና ትፈለጋለች። ሪባን ይታሰርላትና ሙሽሮቹን እየመራች ትሄዳለች። ስለዚህ ከደሴ እስከ ሐርቡ "ቀይዋ መኪና መጣች" ከተባለ አንድ ሰው እያገባ ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ቴፕ ካሴት የሚበላ፣ ሬዲዮ ቢከፍቱት የሚያስል፣ ከአራቱ ስፒከሮች ሦስቱ የሞቱበት ነበር። ሁለት ማዞሪያ ነበረው፤ አንዱ ጣቢያ ለመፈለጊያ፣ ሌላው ለድምፅ። የድምፁን ማዞሪያ ቀጭ እስኪል ወደ ግራ ካዞሩት ዝም ይላል። ይህንንም ያዙልኝ።

ቴፑን የቀየረልኝ ሰይድ ነው። ሰይድን ሰኞ ገበያ አካባቢ የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ውስጧ በሬዲዮ፣ በስፒከርና በገመድ ከመሞላቱ የተነሳ እሱ ራሱ ውጭ ሆኖ ነበር የሚሠራው። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ መኪናዬ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ከዳሽቦርዱ ሥር ቀብሮ፣ እግሮቹን በበሩ አውጥቶ ዋለ። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየጠቀለለ ያስራቸው ነበር። ማን ያየዋል ብዬ ስጠይቀው "እኔ አውቀዋለሁ" አለኝ።

አዲሱ ቴፕ ማዞሪያ የሚባል የለውም። ጥቁር መስታወት ነው፤ በጣት ነው የሚታዘዘው። ፍላሽ ይቀበላል፣ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ አራቱም ስፒከሮች አዲስ ሆነዋል፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ደግሞ ትልቅ ቤዝ አለው።

"ጴንጤው፣" አለኝ ሰይድ ሊጨርስ ሲል። አባቴ ወንጌላዊ ስለነበረ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ስልክ ሲደወል ራሱ እንዲያነሳልህ ላድርገው ወይስ ይቅርብህ?"

"አድርገው እንጂ! በኮምቦልቻ መንገድ፣ በሐረጎ ጥምዝምዝ ላይ እጄን ከመሪ ላነሳ ነው?"

"ወላሂ ቢቀርብህ ይሻላል። ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ያልሆነ ነገር ቢሰማስ?"

"ሚስት የለኝ፣ ምን ሚስጥር አለኝ?"

ሳቀና አደረገው። ከዚያ የራሱን ፍላሽ ሰካ፤ እናቱ የምትወደው መንዙማ አለበት። ድቤው ሲመታ የኋላ መስታወቴ ተንቀጠቀጠ፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞረ፣ እኔም በአርባ ዓመቴ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ፍላሹን እዚያው ተወልኝ። የድሮውንም ቴፕ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከወንበር ኋላ አስቀመጠልኝ፤ የፋብሪካ ዕቃ አይጣልም አለ።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰይድ ሞተ። ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና ቁልቁል መጥቶ የተሳፈረበትን ባጃጅ ገጨው። ሆስፒታል አልደረሰም። ስለ ፍሬንና ስለ ቴፕ መጀመሪያ ላይ የቀለድኩት ቀልድ እኔን ራሴን ካሳቀኝ ቆይቷል።

እንግዲህ እናንተም እንደምታውቁት በእኛ አገር ሞት እንደፈለገው ይመጣል፤ የሞት ወሬ ግን እንደፈለገው አይገባም። መርዶ ሥርዓት አለው። ለሟች ቤተሰብ "ትንሽ አሞታል" ይባላል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከግራና ከቀኝ የሚደግፈው ሰው፣ የሚጠጣው ውሃ ሳይቀር አስቀድሞ ይዘጋጃል። ውሸት ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ቆሞ እንዳይሰማ መዋሸት ከተቻለ እኔም እዋሻለሁ።

የሰይድ እናት እትዬ ዘሃራ የሚኖሩት ሐርቡ ነው። ባል ሞቶባቸዋል፣ ከሰይድ ሌላ ልጅ የላቸውም፣ ስልክም የላቸውም፤ ሰይድ የሚያገኛቸው በጎረቤት ስልክ ነበር። ጀናዛው ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት እንዳበቃ እንዲወጣ ተወሰነ፣ እናት ደግሞ ከዚያ በፊት መድረስ አለባቸው። ነገሩን የያዙት ሰይድ ተከራይቶ የሚኖርበት ግቢ ባለቤት ሐጂ ይማም ናቸው። ሐጂ በመርዶ አነጋገራቸው የተመሰገኑ፣ ሰው ከሩቅ እየመጣ የሚወስዳቸው ሽማግሌ ነበሩ።

"ሰው የጫነ ሚኒባስ ብንልክ ገና ከሩቅ ታውቃለች" አሉኝ። "አንተ ሂድ። በዚያች መኪና መርዶ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ስልክህን ግን እንዳታጠፋ።"

ሄድኩ። እትዬ ዘሃራ ደጃቸው ላይ ቆመው መኪናዋን ሲያዩ ሳቁ።

"ማን ሊያገባ ነው?"

"ሰይድ ትንሽ አሞት ነው፤ ሊያይዎት ፈልጎ ነው የላከኝ" አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከኮምቦልቻ ጀምሬ ለብቻዬ ስለማመደው ነበር የመጣሁት።

"አብሽር፣ እሱ ከልጅነቱም ጉንፋን ሲይዘው እኔን ያስጠራል" አሉና ገብተው ፓፓያ በፌስታል ይዘው ወጡ። ለበሽተኛ ጥሩ ነው አሉ። ዝቅ ያለውን ወንበር እየሳቁ ገቡበት፤ ፓፓያውንም ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

እስከ ኮምቦልቻ ስለ ሙቀቱ አወራን። ማለቴ እሳቸው አወሩ። እኔ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ መንገዱን ብቻ ነበር የማየው። ኮምቦልቻን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የቴፑን መስታወት በጣታቸው ጠቆሙ።

"ሰይዴ የሠራልህ ይኼ ነው?"

"አዎ።"

"እስቲ አሰማኝ።"

ከፈትኩት። መንዙማው መጣ። ፊታቸው በራ። "ጨምርበት እንጂ፣ ልጄ የደከመበት አይደል እንዴ!" አሉ። ጨመርኩ። እጃቸውን ፓፓያው ላይ እያሳረፉ ከድቤው ጋር መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ጥምዝምዝ ላይ መንዙማው በመሃል ተቋረጠ። መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ። ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ቴፑ ከእኔ ይፈጥናል፣ ራሱ ነው የሚያነሳው። ሐጂ ይማም ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ ስልክ ላይ ይጮኻሉ። አሁን ደግሞ በአራት ስፒከርና በአንድ ትልቅ ቤዝ ጮኹ።

"ሃሎ መምህር! የት ደረሳችሁ? እንዳታውቅ አደራህን! ሰይድን አጥበን ከፍነነዋል፤ እሷን ብቻ ነው የምንጠብቀው። ፊትህን አጥቁረህ እንዳታስነቃት!"

ቀኝ እጄ ማዞሪያውን ፈለገ። ማዞሪያ የለም። ያላበው ጣቴ መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት ድምፁ ይባስ ጨመረ። "ሃሎ! ትሰማኛለህ? አላወቀችም አይደል?" ካሉ በኋላ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስልኩ ሲዘጋ ቴፑ በሥርዓቱ መንዙማውን ካቆመበት ቀጠለ።

የእትዬ ዘሃራ እጅ ፓፓያው ላይ እንዳለ ቀርቷል። ፍጥነቴን ቀንሼ ወደ ዳር ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"አትቁም ልጄ። ንዳ።"

ነዳሁ።

"ሐጂ ይማም ናቸው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እኔ አልሰማሁም። አንተም አልሰማህም።" ድምፃቸው ደርቋል። "እኒያ ሽማግሌ በሳቸው አፍ፣ በዚህ ዓይነት እንደሰማሁ ቢያውቁ አይቆዩልንም። ዛሬ አንድ ይበቃናል። እነሱ እንዳሰቡት ይንገሩኝ። ቃል ግባልኝ።"

"ቃሌ ነው።"

"እንግዲያው ጨምረው።"

ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት፣ እሳቸውም ከሥሩ አለቀሱ። ሐረጎን እስክንጨርስ አለቀሱ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የምሰማው ድቤውን ብቻ ነበር፤ ማልቀሳቸውን ያወቅኩት ከትከሻቸው ነው። ደሴ ስንገባ ገና አልጨረሱም፤ ስለዚህ አልቀነስኩም። ሰኞ ነው፣ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። በዚያ ሕዝብ መሃል ቀይዋ መኪና መስታወቷ እየተንቀጠቀጠ አለፈች። ሰይድን የሚያውቁ ነጋዴዎች አፋቸውን ይዘው ሲያዩኝ አየኋቸው።

ወደ ሐጂ ግቢ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እትዬ ዘሃራ "በቃ፣ ዝጋው" አሉኝ። የውሃ ላስቲኬን ተቀብለው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ፓፓያቸውን አንስተው ገቡ።

አስቀመጧቸው። ውሃ ሰጧቸው። ሐጂ ይማም ከነቢያት ትዕግሥት ጀምረው፣ የዱንያን ከንቱነት አልፈው፣ ቀስ ብለው ወደ ሰይድ መጡ። ረጅም ነበር፤ ያማረም ነበር። እትዬ ዘሃራ አንድ ቃል ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። "ኢና ሊላሂ" አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጮኹም፣ ደረት አልመቱም። ቤቱ ሙሉ በሶብራቸው፣ በትዕግሥታቸው ተደነቀ።

እኔን ሐጂ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። "ሬሳ ወዳለበት ቤት እየጨፈርክ ትመጣለህ? ጓደኛህ አልነበረም?" አሉኝ። መንዙማ ነው ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሰኞ ገበያ "ያ ልብ የሌለው መምህር" እባላለሁ። ሰርግም ቀርቶብኛል፤ ለነገሩ ወገቤ እፎይ ብሏል። ሐጂ በበኩላቸው በየደረሱበት ሲያወሩ ኖሩ፤ መርዶ በሥርዓት ከተነገረ ሰው እንደ ዘሃራ ሶብር ያደርጋል፣ ብቻ ጥበብ ይጠይቃል ይሉ ነበር። እኔም ተቀምጬ አዎ እያልኩ እሰማቸው ነበር። አምና ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይማራቸው። ዛሬ ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት ለዚህ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ያንን መስታወት አስነቅዬ የድሮውን ቴፕ ልመልስ ወሰንኩ። ለሌላ ባለሙያ ወስጄ ዳሽቦርዱን አስከፈትኩ። ሰውየው አጎንብሶ አየና "ይህን ማን ነው የሠራው?" አለኝ። ገመዶቹ አንድ በአንድ ተጠቅልለው፣ ታስረው ተሰልፈዋል። መልሰህ ዝጋው አልኩት። ራሱ የሚያነሳውንም ነገር እንዴት እንደሚጠፋ አላወቅንበትም፤ ስለዚህ መኪና ውስጥ ስገባ ስልኬን አጠፋለሁ።

በወር አንድ ቀን ሐርቡ እወርዳለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። የእትዬ ዘሃራ ቤት በጠያቂ ተሞልቶ፣ ሁሉም "አብሽሪ" ይላቸዋል፣ ሁሉም ሶብራቸውን ያመሰግናል፤ እሳቸው ደግሞ በተመሰገኑ ቁጥር ጀርባቸው ይበልጥ ቀጥ ይላል። የሞተሯን ድምፅ ሲሰሙ ብድግ ብለው ወጡ። በሩን ከፍተው ያንን ዝቅ ያለ ወንበር ገቡበትና ዘጉት።

"ክፈተው" አሉኝ።

እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። ጎረቤቶቻቸው ይህ ጴንጤ መምህር እናትየዋን በጩኸት ሊያሳብዳቸው ነው ይላሉ፤ አንዳንዱ መስኮቱን እየዘጋ ይገላምጠኛል። እኔ መሪዬን ይዤ ወደ ፊት አያለሁ። ሻሻቸው ፊታቸው ላይ ሲወርድ ሳይ እስከ መጨረሻው ከፍ አደርገዋለሁ። ሰይድ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ከውጭ የሚሰማው ድቤው ብቻ ነው።