ጥርሷን ቀይራ ያልጨረሰችው ሠራተኛ

መቼም አዲስ ሕግ ሲታወጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ የማይስማማ ሰው የለም። ሕፃናትን አታሎ ከቀያቸው ማምጣትና ለጉልበት ሥራ ማሰማራት ያስቀጣል ሲባል፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረን «እሰየው፣ ደግ አደረጉ» እንላለን። ዜናው ሲያልቅ ደላላው ጋ እንደውላለን። እናንተን አላልኩም።

የመካኒሳ አቦ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሠራተኛ አስፈልጓቸው ኖሮ፣ አንድ እሑድ ደላላው አንዲት ቀጭን ልጅ አስከትሎ መጣ። እኔ የተበላሸ ቧንቧቸውን ልጠግን እዚያው ነበርኩ። አስቴር ትባላለች፣ ከወላይታ ገጠር ነው የመጣችው። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት መሆኑን ደላላው ማንም ሳይጠይቀው ደጋግሞ ነገረን።

እትዬ አስካለ ልጅቷን አየት አደረጓትና መጀመሪያ እህል ትቅመስ ብለው ዳቦ ሰጧት። አስቴር ስትገምጥ ድንገት ቆም አለችና ከአፏ አንዲት የወተት ጥርስ አወጣች። ፊቷ በራ። ማንንም ሳታስፈቅድ ደጅ ሮጣ ጥርሷን ጣራው ላይ ወረወረችው፤ ቆርቆሮው ኳ አለ።

ደላላው ለመነሳት ተቁነጠነጠ። እትዬ አስካለ ግን ፊታቸውን እንኳ ሳይለውጡ፣ «ወንድምዓለም፣ ምሳ ሳትበላ ከቤቴ አትወጣም» አሉት። አቀረቡለትና ጓዳ ገብተው ፖሊስ ጠሩ። ሰውየው መልካም በላተኛ ነበር፤ ወጥ ተጨምሮለት ገና ሲያጣጥም ፖሊሶቹ ደረሱ።

አስቴር ፖሊስ ስታይ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ አስካለ በዚያ ጉልበታቸው አጠገቧ በርከክ አሉ።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ ልጅ። እናትሽ የት እንዳለሽ ታውቃለች?»

«ትምህርት ቤት ያስገባታል ብላ ነው ለሱ የሰጠችኝ» አለች።

እኔ መፍቻዬን እንደያዝኩ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

እናቷ እስክትገኝ ድረስ አስቴር በሕፃናት ማረፊያ ስትቆይ፣ እትዬ አስካለ እየተመላለሱ ይጠይቋት ነበር። እናትየው መጥታ ልጇን ስታቅፍ እኔም አብሬ ሄጄ አየሁ። የሴትዮዋ አማርኛ ጥቂት ነው፤ እትዬ አስካለም ወላይትኛ አይሞክሩም። ብዙ አወሩ። ደላላው ደግሞ ዛሬም ፍርድ ቤት እየተመላለሰ ነው።

እትዬ አስካለ ያለ ሠራተኛ ቀሩ ብዬ አዝኜ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ብቅ ስል፣ በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ የኖሩት ሁለቱ ጎረምሳ ልጆቻቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ልብስ ሲያጥቡ፣ እሳቸው ወንበር አስወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«ደህና ሕግ ነው» አሉኝ። «ቀደም ብለው ቢያወጡት ኖሮ፣ እኔም ገና ድሮ አርፍ ነበር።»