የተገለበጠው የካርድ ክምር

ወረፋ የሚባለውን ነገር የፈጠረው ሰው ልጅ ታቅፎ ተሰልፎ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ ግን ነገሩን በዘዴ ፈትተነዋል። ለክትባት የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ካርድ ነው። መጀመሪያ የደረሰ ካርዱን ስሙን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ተከታዩ በላዩ ይደርባል፣ ከዚያ ሁሉም ልጁን እያባበለ ይቀመጣል። ሥልጣኔ ከዚህ በላይ ምን አለ?

አንድ እንከን ብቻ አለበት። ክምሩ ካልተገለበጠ መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይጠራል። ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ደግ ሰው ተነስቶ ይገለብጠዋል። ማን እንደሚገለብጥ ግን የተጻፈ ሕግ የለም። ትልልቅ ነገሮች ሁሉ የሚበላሹት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

እኔ ይህን የምለው በደረሰብኝ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከትምህርት ክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ተመረቅሁ። ዩኒቨርሲቲው ለመምህርነት የሚያስቀረው አንድ ሰው ነበር፤ ማስታወቂያው ሲለጠፍ የወጣው በውጤት ሁለተኛ የሆነው ልጅ ስም ነው። ማስታወቂያውን ያወጣው ቢሮ ገብቼ ብጠይቅ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ ከሻዩ ቀና ሳይል፣ “እኛ እንደመጣልን ነው የለጠፍነው” አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባለቤቴ ምህረት ከጋብቻችን ቃል ኪዳን ይልቅ በቃሏ ታውቃታለች።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ልጃችን ቤተል ዘጠኝ ወር ሞላትና የኩፍኝ ክትባት ደረሰ። ምህረት መሃል ከተማ ካለው መሥሪያ ቤቷ ፈቃዷን ጨርሳለች። እኔ የማስተምረው የግል ኮሌጅ ነው፣ ያውም ከሰዓት በኋላ። (ሁለተኛው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጠዋት ጠዋት ያስተምራል፤ ይህን ተዉት።) ስለዚህ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ቤተል ጡጦም አጥሚትም ሲቀርብላት ፊቷን የምታዞር ልጅ ናት። ምህረት በአራት ሰዓት ለሻይ ስትወጣ እንድታጠባት መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ካልተገኘሁ ልጄ እስከ ምሳ ሰዓት ጦሟን ትውላለች። የተሰጠኝ ትእዛዝ ይኸው ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። አንደኛ! ባዶው ጠረጴዛ ላይ ካርዴን ሳስቀምጥ የተሰማኝን ክብር በምረቃዬ ዕለት እንኳ አላገኘሁትም። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ፤ “ይቀመጡ እማማ” ብዬ ቦታ ለቀቅሁላቸው። ሰው መጣ፣ ክምሩ አደገ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቤተል ዳይፐሯን ሞላችና ይዣት ወጣሁ። ዳይፐር መቀየር ለእኔ አሁንም ምርምር ነው፤ የቱ ፊት፣ የቱ ኋላ እንደሆነ ሳጣራ ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ነርሷ እየመጣች ነው። ካርዶቹ በፊታቸው ተደፍተው አየሁና ትንሽ ገረመኝ፤ ግን የመገረሚያ ጊዜ አልነበረም። ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ክምሩን ለመገልበጥ የተነሳ የለም። እንደገና ልበለጥ? በአንድ እጄ ቤተልን፣ በሌላው ፍትሕን ይዤ ገለበጥኩት። ከኋላዬ እማማ አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ፤ ምስጋና መሰለኝ።

ነርሷ ካርዶቹን አንስታ መጥራት ጀመረች። የመጀመሪያው ስም የልጄ አይደለም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም አይደለም። የሚነሱት አሁን የገቡ፣ ወንበሩን እንኳ ያላሞቁ ሰዎች ናቸው። ግራ ገባኝ። ቀርቤ፣ ሲስተር፣ እኔ እኮ አንደኛ ነበርኩ ብላት፣ ቀና ሳትል፣

“እኔ እንደመጣልኝ ነው የምጠራው” አለችኝ።

ያችው ዓረፍተ ነገር! ዘጠኝ ዓመት ተከትላኝ ኖራ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ መጣች። ልጮህ ዞር ስል እማማ እያዩኝ ነው፤ በንዴት ሳይሆን፣ የታመመ ሰው በሚታይበት ዓይን።

“ልጄ፣ እኔ ገልብጬው ነበር እኮ” አሉኝ። “አንተ ስትወጣ። አንተ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ እንድንሆን።”

ከዚያ አጠገባቸው ላለችው ሴት በአካባቢው ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ የሆነ ነገር አሏት፤ ወንበሩ በሙሉ ሳቀ። የእኔ ሲዳሙ አፎ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ ስለማን እንደሆነ ግን ገብቶኛል።

ቤተል ከሁሉም ኋላ፣ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተወጋች። ከእኛ በፊት የተጠሩት እማማ ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ በሚቀጥለው ዝም ብለህ ተቀመጥ ብለው መከሩኝ። በባጃጅ መሃል ከተማ ስንደርስ ጥበቃው ምህረት በሩ ላይ ቆማ ቆማ እንደገባች ነገረኝና ሄዶ ጠራልኝ። አለቃዋን ለምና ወጣች፤ ጥበቃ ቤቱ ገብታ እያጠባች የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እንድታዝንልኝ ጠብቄ ነበር። ቤተልን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችና፣

“ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲም እኮ” አለች፣ “አንድ ቅን ሰው የስም ዝርዝሩን ላስተካክል ብሎ ገልብጦት ይሆናል።”

ከዚያ ወዲህ ያንን የቢሮ ሰውዬ እንደልማዴ ልረግመው ስነሳ፣ በአንድ እጁ ልጅ ታቅፎ ይታየኛል። ልጅቷም ቁርጥ ቤተልን ናት።