የአስካለ ትርጉም

ፊልም አይቶ የሚያወራ ሰው ይሰለቸኛል። "መጀመሪያ ሰውየው ይመጣል፣ ከዚያ ሴትየዋ ትመጣለች፣ ከዚያ... ረሳሁት፣ ብቻ ጥሩ ፊልም ነው" ይላችኋል። ፊልሙን ሳያይ የሚያወራ ሰው ግን ሌላ ነው። ያልታየ ነገር አይረሳማ! ይህን የምላችሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ እንዲህ ያለች ሰው አብራኝ ስላደገች ነው።

አስካለ ትባላለች። ያደግነው ዲላ ነው፣ ከአንድ ቦኖ ውሃ እየቀዳን። በሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ስላችሁ ሲኒማ እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አጣና፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ከተዋናዩ በላይ የሚጮህበት ቤት ነው። በሩ ላይ በጠመኔ "ዛሬ የህንድ ፊልም፣ አንጀት የሚበላ" ተብሎ ይጻፋል። የሚበላው ግን የወንዶቹን አንጀት ብቻ ነበር። ሴት እንዳትገባ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ሕግማ ቢኖር ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ይጣሳል። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ገባች ከተባለ ወሬው ቀድሟት እቤቷ ይገባል፤ እሷ ስትደርስ የሚጠብቃት ልምጭ ነው።

አስካለ መላ አላጣችም። ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ ጀሪካኗ ላይ ትቀመጥና ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ትለጥፋለች። ህንድኛ አታውቅም። ዘፈኑን፣ ጥፊውን፣ ልቅሶውንና የፈረሱን ኮቴ ሰምታ ትመጣና፣ ቦኖው ጋ ወረፋ ለያዝነው ሴቶች ፊልሙን ከነልብሱ ቀለም ትተርክልናለች። "እናትየዋ አረንጓዴ ለብሳ..." ካለች አረንጓዴ ነው፤ ማን አይቶ ይከራከራታል? በእሷ ፊልም ሽፍታውን የምትይዘው እናትየዋ ናት፤ ልጅየዋም ከመዳሯ በፊት ዳኛ ትሆናለች። ውሃው መጥቶ እንኳ "ቆይ፣ ትጨርስ" የምንልበት ቀን ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ከእነዚያ ፊልሞች አንዱን እዚህ ቶሮንቶ በስልኬ አገኘሁት። ሽፍታውን የያዘው ለካ ወንድየው ነው። እናትየዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታለቅሳለች። መሐል ላይ ዘጋሁት። ያ ቦኖ ዛሬም ይናፍቀኛል፤ የሚናፍቀኝ ውሃው ሳይሆን ወረፋው ነው።

አሁን አስካለም እኔም ኢቶቢኮ በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እናሽጋለን፤ አንድ ሺፍት፣ አንድ አውቶቡስ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለእናቴ የምሠራው ቢሮ ነው ብያታለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም እንዲሁ። በመጣሁ ሰሞን ለጊዜው ብዬ የጀመርኩት ውሸት ነበር፤ ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። ይኸው አሥር ዓመት ሞላው። በእረፍት ሰዓት ዲላ እደውልና "እማዬ፣ ስብሰባ ልገባ ነው፣ ቶሎ ቶሎ በይ" እላታለሁ።

አምና አስካለ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ ለሴቶች በነጻ የሚሰጥ፣ በስልክ ፊልም መሥራት የሚያስተምር የቅዳሜ ኮርስ ጀመረች። "ብሬክ ላይ ትንሽ ልቅረጽሽ፣ ፊትሽን አልነካም፣ እጅሽን ብቻ" አለችኝ። እጅ ስም የለውም ብዬ ፈቀድኩ። የዘጠኝ ደቂቃ ፊልሟ ሴቶች፣ እንዲሁም ወንድ ወይም ሴት ተብለው መመደብ የማይሹ ፊልም ሠሪዎች የሚከበሩበት ፌስቲቫል ላይ ተመረጠ። ፎርሙ ላይ "ከሥር የሚነበብ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ምን ብላ እንደሞላች ገምቱ። "አያስፈልግም፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ።" ቦኖ ጋ ያደገች ሰው ፊልም ያለ ተራኪ ይታያል ብላ በምን ታስብ! አዘጋጆቹ ይህ ረቂቅ ጥበብ መስሏቸው ማይክ እንደሚሰጧት ጻፉላት።

በዕለቱ እትዬ ዘውዴን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ዘውዴ ዲላ የእናቴ ጎረቤት የነበሩ፣ ዛሬም ከእናቴ ጋር በስልክ ሳያወሩ ሳምንት የማያልፋቸው የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። በር ላይ ስምና መጠሪያ የሚጻፍበት ባጅ ይታደላል፤ እንደ ሴት "ሺ" እንበልዎ፣ እንደ ወንድ "ሂ" ወይስ ሁለቱንም ትተን "ዜይ" ብለው ይጠይቃሉ። ተረጎምኩላቸው። "አንቱ በሉኝ በያቸው" አሉ። አንቱታ ወንድና ሴት እንደማይለይ ሳስረዳ ባጅ አዳዩዋ ደስ ብሏት በትልቁ ጻፈችላቸው። እኛ ለሽማግሌ ብቻ ቆጥበን ያስቀመጥነውን እነሱ ለመጣው ሁሉ ሊያድሉት ነው መሰለኝ።

መብራቱ ጠፋ። አስካለ ማይክ ይዛ ከስክሪኑ ጎን ቆመች፤ እኔና እትዬ ዘውዴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነን። እንግሊዝኛዋ ከመጋዘን የለቀመችው ነው። አውቶቡስ መጣ፣ ሣጥን መጣ፣ ከዚያ የእኔ እጅ። የተሰነጣጠቀው ጣቴ፣ ፕላስተሩ ሳይቀር፣ ግድግዳውን ሞልቶት። ሳላስበው እጄን ኪሴ ውስጥ ደበቅሁ። ይባስ ብሎ ድምጼ ተከተለ። ምን ነካኝ! በጆሮዋ ያደገች ሰው "እጅሽን ብቻ" ስትለኝ ድምጼን የምትተወው መሰለኝ?

"እማዬ፣ ቢሮ ነኝ፣ ስብሰባ ልገባ ነው፣ ቶሎ ቶሎ በይ" ይላል ድምጼ፣ ከጀርባ ዕቃ የሚያነሳው ፎርክሊፍት እየጮኸ። በዚያ አዳራሽ አማርኛ የምንሰማው ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዷ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እናቴ ከእኔ አፍ ሳይሆን ከጎረቤት አፍ ልትሰማው ነው።

አስካለ ግን በእንግሊዝኛዋ እንዲህ ብላ ተረጎመችው፦ "እማዬ፣ እግሬን ያመኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት። መጥተሽ ብታዪኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

ከፊቴ የተቀመጠ ሰው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከተናገረችው አንዱንም አላልኩም፤ አንዱም ግን ውሸት አልነበረም። አሥር ዓመት በገዛ ቋንቋዬ ያነቀኝን ነገር በሰው ቋንቋ ስሰማው ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተነቀለ።

ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፣ እትዬ ዘውዴ እልል አሉ። እኔ ግን አስካለን ጥግ ላይ ያዝኳት።

"እኔ እንደዚያ ብያለሁ?"

"አላልሽም። እኔ የተረጎምኩት ፊልሙን ነው፣ አንቺን አይደለም።"

ተናድጄ ጥያት ወጣሁ። እትዬ ዘውዴ እስከ ሰፈራችን ሴንት ጄምስ ታውን ድረስ በባቡር ስንመለስ ስለ አየሩ ብቻ አወሩ። እንደዚያን ቀን የአየር ጠባይ ፈርቼ አላውቅም።

እሑድ በማለዳ፣ ሳይቀድሙኝ ልናገር ብዬ ደወልኩ። ቀድመውኛል።

"ዘውዴ ደውላ ነበር" አለች እናቴ። "ልጅሽን በፊልም አየኋት፣ ቢሮዋ ቁጭ ብላ፣ ፈረንጁ ሁሉ ቆሞ እያጨበጨበላት አለችኝ።"

እትዬ ዘውዴ! እኔን በሰንበት ትምህርት "አትዋሹ" እያሉ የቆነጠጡኝ እትዬ ዘውዴ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ልል ነበር። በሩ ተከፍቶልኛል፣ መውጣት ብቻ ነው። አልቻልኩም።

"እማዬ፣ ቢሮ አይደለም። ዕቃ ነው የማሽገው።"

እናቴ ሳቀች።

"ልጄ፣ የምን ስብሰባ ነው አሥር ዓመት ሙሉ ሣጥን የሚወድቅበት? አንቺ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ቆመሽ ነው የምትውዪው? እግርሽን ያምሻል?" አለችኝ።

"ያመኛል" አልኳት። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"በይ በቃ፣ አታልቅሺ። በጨውና በሞቀ ውሃ ዘፍዝፊው።" ስልኩን ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። "ደግሞ ለእድሩ ሰዎች ልጄ ሥራ አስኪያጅ ናት ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ አደራሽን፣ እንዳታዋርጂኝ።"

እንግዲህ ወደ ዲላ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሥራ አስኪያጅ ነኝ።